ከጀርባ የሚነሣ እሳት
ስለ ሞተራም ተንሳፋፊ አውሮፕላኖች የደኅንነት ደንብ የቀረበ ትችት

እኩለ ቀን ላይ ከሲቀላ መናኸሪያ ቆሞ ወደ ጋሞ ደጋ ጫፍ የተመለከተ ሰው፣ ጥንብ አንሣዎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ወደ ላይ ሲወጡ ያያል። ይህም የሚሆነው ፀሐይ ከቆላው መሬት ላይ ያሞቀችው አየር ቀልሎ ወደ ላይ ስለሚወጣና ወፏም በእርሱ ስለምትሳፈር ነው። ግላይደር የሚባለው ተንሳፋፊ አውሮፕላን የሚበርረው በዚሁ ብልሃት ነው። ነገር ግን ሰው እንደ ወፏ ታጋሽ አይደለምና፣ የሚያነሣው አየር ባጣ ጊዜ ከሰው እርሻ ላይ እንዳያርፍ፣ ወይም ያለ ጎታች በራሱ እንዲነሣ ሲል ትንሽ ሞተር ጨመረበት። ከሞተሩም ጋር የእሳት አደጋ አብሮ ገባ።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው መኪናውን ሳይሆን፣ ይህን የእሳት አደጋ ለመቀነስ የተጻፈውን ደንብ ነው። ትችታችንም በአንድ ነጥብ ላይ ያረፈ ነው፤ ይኸውም ደንቡ እሳትን ከሞተሩ ጋር አስሮ ማየቱና፣ አብራሪው ሊያየው ስለማይችለው ስፍራ ሁሉ በቂ አሳብ አለመስጠቱ ነው። ስለ ግላይደር በሲቀላ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚለን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። መልሳችንን ወደ መጨረሻው ያገኘዋልና እስከዚያ ይታገሠን።

አስቀድመን የነገሩን አሠራር እንግለጽ። በብዙዎቹ ሞተራም ተንሳፋፊዎች ሞተሩ ወይም ፕሮፔለሩ ከአብራሪው ጀርባ ካለው ሣጥን ውስጥ በምሰሶ ተነሥቶ ይሠራል፤ ሥራውን ሲጨርስም ታጥፎ ወደ ገላው ይገባና ክዳኑ ይዘጋል። ጀርመን ሠራሹ ስቴሜ ኤስ 10 ደግሞ ሌላ መንገድ መርጧል። ሞተሩን ከሁለቱ መቀመጫዎች በስተኋላ ሰውሮ፣ ኀይሉን በሰዎቹ መካከል በሚያልፍ ረጅም ዘንግ ወደ አፍንጫው ፕሮፔለር ያደርሳል። ሁለቱም ዐይነቶች የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ሞተሩ ከሰው ጀርባ፣ በተዘጋ ስፍራ መቀመጡ ነው። አንባቢያችን ባጃጅን ያስብ። ነጂው ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ሲነዳ ሞተሩ ከኋላ፣ ከተሳፋሪው መቀመጫ ሥር ነው። ጭስ ቢነሣ መጀመሪያ የሚያየው ነጂው ሳይሆን ከመንገድ ዳር የቆመ ሰው ነው። በአየር ላይ ግን ከመንገድ ዳር የቆመ ሰው የለም።

ከዚህም በላይ ግላይደሩ የተሠራበት ነገር ራሱ የእሳት ወዳጅ ነው። ገላውና ክንፉ ከፋይበር ግላስ ወይም ከካርቦን ፋይበር በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ነው። ይህ ሙጫ ሙቀትን እጅግ አይወድድም። የብዙዎቹ ክንፍ ጥንካሬ ሲፈተን የሚሞቀው እስከ 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ግላይደሮች ነጭ ቀለም የሚቀቡትም ፀሐይ ከዚያ በላይ እንዳታሞቃቸው ነው። እንግዲህ ቀለሙ እንኳ ፀሐይን ፈርቶ በተመረጠ ገላ ውስጥ፣ ገና ያልበረደ ማርሚታና ቤንዚን የያዘ የጎማ ቱቦ አብረው ይታጠፋሉ ማለት ነው። ባለ ሁለት ምት ትንሽ ሞተር ብርቱ ንቅጥቅጥ አለው፤ ንቅጥቅጡ የቱቦውን ማሰሪያ ያላላል፣ የጭስ ማውጫውንም ይሰነጥቃል። ጎማውም በዕድሜ ይደርቃል።

ደንቡ ለዚህ ምን መልስ ሰጠ? የአውሮፓ ሀገሮች ስለ ግላይደርና ስለ ሞተራም ግላይደር ያወጡት የጋራ ደንብ፣ ጄ.ኤ.አር. 22 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 የአውሮፓ አቪዬሽን ደኅንነት ድርጅት ሲ.ኤስ. 22 ብሎ ተረከበው። የመልሱ ዋና ክፍል የእሳት ግድግዳ ነው፤ ሞተሩ ከቀረው የአውሮፕላኑ ክፍል እሳት በማያሳልፍ ግድግዳ ወይም ሽፋን መለየት አለበት። በአቪዬሽን ደንብ ቋንቋ «እሳት የማይበግረው» የሚባለው ነገር 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሚግል ነበልባልን ለ15 ደቂቃ የሚችል ነው፤ «እሳትን የሚቋቋም» የሚባለው ግን 5 ደቂቃ ቢችል ይበቃዋል። በቀላል አውሮፕላኖች ዘንድ ውፍረቱ 0.38 ሚሊሜትር የሆነ የማይዝግ ብረት ያለ ፈተና እንደ እሳት ግድግዳ ይቀበሉታል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ብዙ ሕይወት ማትረፉንም አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ግድግዳው የሚለካው በደቂቃ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ደቂቃው ከመቼ ጀምሮ ይቈጠራል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሣልና።

ነገሩን በሲቀላ ሰማይ ላይ እናስላው። ሲቀላ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አንድ ግላይደር በ3,200 ሜትር ላይ፣ ማለት ከከተማዋ 2,000 ሜትር ከፍ ብሎ ይበርራል እንበል። ይህም ገና ከጉጌ ተራራ ጫፍ በታች ነው። በ1 ሜትር ቁልቁል 40 ሜትር ወደ ፊት የሚሄድ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሆነ ግላይደር፣ በሴኮንድ የሚወርደው 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ቢተዉት መሬት የሚደርሰው ከ48 ደቂቃ በኋላ ይሆናል። የግላይደር ክብሩ ቶሎ አለመውረዱ ነው፤ እሳት በተነሣ ጊዜ ግን ያው ክብሩ ጠላት ይሆንበታል። የ15 ደቂቃው ግድግዳ ሦስት ጊዜ ተቃጥሎ ያልቃል።

ለደንቡ የሚከራከር ሰው፣ አብራሪው የአየር ፍሬኑን ከፍቶ በፍጥነት ይወርዳል ይለናል። እውነቱን ነው። በሴኮንድ 5 ሜትር ቢወርድ ከዚያው ከፍታ በ7 ደቂቃ ውስጥ መሬት ይደርሳል፤ ግድግዳውም ግማሽ ዕድሜው ሳያልቅ ሥራውን ይፈጽማል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ስሌት አብራሪው እሳት መነሣቱን ወዲያውኑ ማወቁን ይጠይቃል። ካላወቀ ፍሬኑን አይከፍትም፤ እንዲያውም ሙቅ አየር ፍለጋ እየዞረ ወደ ላይ ይወጣ ይሆናል። አንዳንድ ሠሪዎች ይህን ተረድተው በሞተሩ ሣጥን ውስጥ ሙቀት ሲበዛ የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት አግብተዋል። እኛም እናመሰግናቸዋለን። ሆኖም መብራቱም እንደ ግድግዳው የሚጠብቀው ሞተሩን ነው። እሳት በሌላ በር ሲመጣስ?

በሌላ በር መምጣቱን የሚያሳይ ጉዳይ በእንግሊዝ ሀገር በፓርሃም ሜዳ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2017) ደረሰ። አውሮፕላኑ 304 ኢ.ኤስ. የሚባል የቼክ ሥራ ሲሆን ሞተሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ቤንዚን የለም፣ ማርሚታ የለም፣ ሞተሩም ከኋላ ሳይሆን ከአፍንጫው ላይ ነው። በአሮጌው አስተሳሰብ ቢሆን የእሳት አደጋው እንደተወገደ ይቈጠር ነበር። ይሁን እንጂ ከአብራሪው ጀርባ በተዘጋው ስፍራ የተቀመጠው የሊቲየም ባትሪ ተቃጠለ። ከኋላው የሚሆነውን ለአብራሪው የሚነግር የእሳት ማስጠንቀቂያ አልነበረም፤ መሬት ላይ በደረሰ ጊዜ የሆነ ነገር ስለ ነበረ ሳይጐዳ ወጣ። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሞተራም ተንሳፋፊዎች በባትሪው ስፍራ ስለሚነሣ እሳት አብራሪውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖራቸው ደንብ ይውጣ ሲሉ አሳሰቡ። የአውሮፓውም ድርጅት ብዙ ሳይቈይ ስለነዚህ ባትሪዎች አስቸኳይ መመሪያ አወጣ። ለሥራ ፍጥነቱ አንነቅፈውም። የምንነቅፈው፣ ከጀርባ የሚነሣ እሳት ሰው ሳያውቀው ሊበላው እንደሚችል ከቤንዚኑ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ባትሪው ደግሞ በራሱ አደጋ እስኪያስተምር ድረስ መጠበቁን ነው።

ይህ የትንንሽ አውሮፕላን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፣ የራሳችንን ሀገር ስም ወደ ተሸከመው አውሮፕላን እንለፍ። ጥር 2005 ዓ.ም. ላይ ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች በዋና ባትሪዎቻቸው መቃጠል ምክንያት በዓለም ሁሉ ከበረራ ታገዱ። መፍትሔውም ከግላይደሩ ደንብ ጋር አንድ ዐይነት ነበር፤ ባትሪውን በብረት ሣጥን መዝጋትና ጭሱን ወደ ውጭ ማውጣት። እገዳው ሲነሣ መንገደኛ ጭኖ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር፤ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ «ንግሥተ ሳባ» የተባለችው የአየር መንገዱ 787 በሎንዶን ሂዝሮው ማረፊያ ሰው ሳይኖርባት፣ ሞተሮቿ ጠፍተው፣ ኤሌክትሪኳም ተቋርጦ ቆማ ሳለች ከጭራዋ አጠገብ ተቃጠለች።

የተቃጠለው ዋናው ባትሪ አልነበረም። እርሱማ በብረት ሣጥን ታጥሮ በሰላም ተቀምጧል። እሳቱ የተነሣው ከጣራው በላይ ከተሰወረ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ አውሮፕላን በወደቀ ጊዜ ያለበትን ስፍራ በሳተላይት ከሚያስታውቀው የአደጋ ምልክት አስተላላፊ። (ለማዳን የተሠራ ዕቃ እንዲህ ሲያደርግ ያሳዝናልም፣ ትንሽም ያስቃል።) መርማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት የመጨረሻ መግለጫ እንዳስረዱት፣ የመሣሪያው ባትሪ ሽቦዎች ከክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር። ከዚያም ሽቦዎቹ ተገናኝተው ባትሪው ጋለ፤ አንዱ ክፍሉ ሲነድድ ሌላውን አቀጣጠለ፤ ከዚያ በኋላ እሳቱ የገላውን ሙጫ እየበላ ቀስ ብሎ ተስፋፋ። ሊያጠፉ የገቡትም ሰዎች በእጅ የሚያዘው ማጥፊያ አልበቃቸው ብሎ የጣራውን ልባስ ነቅለው በውኃ አጠፉት። አውሮፕላኗ ተጠግና በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ወደ ሥራ ተመለሰች። ሰው ባለመኖሩ ሰው አልተጐዳም። ነገር ግን ያው እሳት በውቅያኖስ ላይ፣ በሌሊት፣ መንገደኛ ተኝቶ ሳለ ቢነሣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ የደንብ ጸሐፊ ተግባር ነው።

እዚህ ላይ የሁለቱ ጉዳዮች መመሳሰል ግልጽ ነው። ደንቡ የታወቀውን ምድጃ ከቦ አጠረ፤ እሳቱ ካልታወቀው ጥግ ወጣ። ስለዚህ ደንቡ «ሞተሩን ለዩ» ከሚል ይልቅ፣ «ሰው ሊያየው በማይችለው በማንኛውም ስፍራ ሊነድድ የሚችል ነገር ካለ፣ መንደድ በጀመረ በዚህን ያህል ሴኮንድ ውስጥ ሰው ይወቅ» ቢል ይሻላል እንላለን። የግድግዳው 15 ደቂቃ ትርጉም የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው ነቀፌታችን ስለ ጥገና ነው፤ በአጭሩ እናልፈዋለን። በስቴሜውና በሌሎች ብዙ ቀላል አውሮፕላኖች ላይ የሚሠራው የሮታክስ ሞተር ሠሪ የጎማ ቱቦዎች በየ5 ዓመቱ እንዲለወጡ ያዝዛል። በአውሮፓ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ፓርት ኤም.ኤል. የተባለው ደንብ ደግሞ የቀላል አውሮፕላን ባለቤት የጥገና መርሐ ግብሩን በራሱ ኀላፊነት እንዲያስታውቅና ከአንዳንድ የሠሪው ምክሮች እንዲለይ ፈቅዶለታል። የደንቡ ደጋፊዎች ከባድ ደንብ ሰውን ከበረራ ያባርራል፣ ወጪውም ጥገናን ያሸሻል ይላሉ። ይህ ክርክር ክብደት አለው፤ የማይጠበቅ ጥብቅ ደንብ ከሚጠበቅ ልል ደንብ እንደማይሻል እኛም እናምናለን። ይሁንና አብራሪው ሊያየው ከማይችለው ስፍራ ያለ የቤንዚን ቱቦ፣ ለባለቤቱ ምርጫ ከሚተዉት ነገሮች መካከል መግባት አልነበረበትም። የመቀመጫውን ጨርቅ ግን እንደ ወደደ ያድርገው።

አሁን ለታጋሹ አንባቢ የተበደርነውን መልስ እንክፈል። በሀገራችን የአየር ደኅንነት ደንብ ማውጣትና ማስጠበቅ በአዋጅ ቁጥር 1179/2012 የተቋቋመው ሥርዐት፣ ማለት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ ስለ እርሱ በዚህ አንናገርም። ነገር ግን ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚነዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ ከሰው ጀርባና ከመቀመጫ ሥር የሚቀመጥ ትልቅ ባትሪ የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል። የግላይደር አብራሪው ባትሪ ለብዙ ሺህ ነጂዎች ተከፋፈለ ማለት ነው። የሲቀላ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፣ ከፀሐይ የቆመ የተዘጋ ሣጥን ውስጡ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ከፓርሃም ወይም ከሂዝሮው ሰው ሊነግረን አይችልም፤ የእነርሱ ደንብ የተጻፈው ለእነርሱ ፀሐይ ነው።

ስለዚህ ለመካኒካልና ለኤሌክትሪካል ክፍል ጓደኞቻችን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ሥራ እናቀርባለን። ሞተር ከጠፋ በኋላ የሚያበርደው ነፋስ ስለሚቆም፣ የሣጥኑ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ከመውረድ ይልቅ እንደሚወጣ ይታወቃል። አንድ የነዳጅ ባጃጅና አንድ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ያለውን ዳገት ጭነት ይዘው ይውጡ፤ ከላይም በደረሱ ጊዜ ይቁሙ። በሞተሩ ሣጥን፣ በቱቦው አጠገብና በባትሪው ላይ ሦስት ቴርሞሜትር ይታሰር፤ ለ30 ደቂቃ በየደቂቃው ይመዝገብ፤ በጠዋት፣ በስምንት ሰዓትና በማታ ይደገም። ሰንጠረዡ ሲሞላ፣ የማስጠንቀቂያው መብራት በስንት ዲግሪ ይብራ የሚለውን ከባዕድ መጽሐፍ ሳንገለብጥ በራሳችን ቍጥር መከራከር እንጀምራለን።