አጥንት ሲተረጎም

በአንድ የትርጉም መልመጃ ላይ፣ ከዳንግላ የመጣ ተማሪዬ፣ እንግሊዞች «የምወቅስህ ነገር አለኝ» ለማለት የሚጠቀሙበትን ፈሊጥ «ከአንተ ጋር የምግጠው አጥንት አለኝ» ሲል መለሰው። ቃል በቃል ሲታይ ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ በእኛ አገር አጥንት አብሮ የሚጋጠው በድግስ ላይ ነውና ወቀሳው ግብዣ ሆኖ ቁጭ አለ።

እንግሊዝኛ ክፉ ነገር ሲጠረጥር «በአጥንቴ ይሰማኛል» ይላል፤ የእኛ ጥርጣሬ ግን የሚያድረው በሆድ ነው። የቤተ ሰብ ነውር «በቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ዐፅም» ተብሎ ቢተረጎም አንባቢ የሚጠብቀው ፖሊስ ነው፤ ገበና የሚለው ቃል ሳለን! አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድን ግን እንጅባራ ላደረ ሰው ማንም መተርጐም አያስፈልገውም።

በእኔ አስተያየት ዋናው ልዩነት ያለው ከዝምድና ላይ ነው። እንግሊዝኛ ትውልድን በደም ሲናገር አማርኛ አጥንት ይቆጥራል። በጎጃም አጥንት መቁጠር የጨዋታ ጉዳይ አልነበረም፤ ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እያሉ እስከ አቅኚው መድረስ የመሬት ድርሻ መጠየቂያ ነበር። መሬቱም አፅመ ርስት ይባላል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሥርዐቱን ሻረ፤ ቃሉ ግን ቀረ። እንግዲህ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን (1958 ዓ.ም.) ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ፊታውራሪ መሸሻ የሰብለ ወንጌልን ጠያቂዎች የሚመዝኑበትን ሚዛን «ደም» ብሎ ብቻ ቢያልፈው፣ የውጭ አንባቢ ኩራታቸውን ያያል፤ ከኩራቱ ሥር ያለው መሬት ግን ይሰወርበታል። ይህ ጉድለት በግርጌ ማስታወሻ የሚሞላ አይመስለኝም።

አጥንትና ዐፅምም አንድ አይደሉም፤ ምንም እንኳ እንግሊዝኛው ሁለቱን በአንድ ቃል ቢጠራቸው። በ1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዐፅም ነው፤ «አጥንታቸው» ብሎ የሚጽፍ ጨዋ ጸሐፊ አይገኝም። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ደግሞ ቅሪተ አካል ትባላለች። አጥንት የሚለው ቃል ለሕያዋን፣ ለገበታና ለወጌሻ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ወጌሻን ካነሣሁ ዘንድ ወደ ተማሪዬ ልመለስ። በዚያው መልመጃ እንግሊዞች ምላስ አዳለጠው የሚሉት አባባል ነበረበት። አብዛኞቹ «የምላስ መንሸራተት» ብለው ሲጽፉ እሱ «የአፍ ወለምታ» አለ። በቤቱ የሚነገረው አዊኛ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት።

«መምህር፣ አያቴ ወጌሻ ናቸው» አለኝ። «አገራችን የፈረስ አገር ነው፤ የወደቀ ሁሉ እኛ ቤት ይመጣል። እሳቸው እግር እያሹ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ።»

ለዚያኛው ጥያቄ ዜሮ፣ ለዚህኛው ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።