ያልተመለሰ ጥያቄ ፈተና ላይ አይመጣም

አንድ ልጅ ፊዚክስ ደረሰው ሲባል ቤተሰቡ «እንኳን ደስ ያለህ» ለማለት ትንሽ ያመነታል። «ምነው፣ ሕክምናው እንቢ አለ?» ይሉታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከመጣው የ70 በ30 ድልድል ወዲህማ ብዙው ልጅ ፊዚክስን የተማረው ተመድቦ እንጂ ወዶ አይደለም። ይሄ ብዙ የተባለለት ጉዳይ ስለሆነ አልቆይበትም። እኔን የሚከነክነኝ፣ ወዶ የገባውስ ምን ይጠብቀዋል የሚለው ነው።

ከዓመታት የሒሳብ ድካም በኋላ ስለ ቅንጣቶች የሚያወራ ኮርስ ላይ ይደርሳል። ሃንዳውቱ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ አለ፤ 17 ቅንጣቶች፣ ከነክብደታቸው፣ ከነቻርጃቸው። ስታንዳርድ ሞዴል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተተነበየው የሂግስ ቅንጣት፣ በ2012 ጄኔቫ አጠገብ ከመሬት በታች በተዘረጋው 27 ኪሎ ሜትር ማሽን ሲገኝ ሠንጠረዡ ሞላ። ልጁም ይሸመድደዋል፣ ይፈተናል፣ ኤ ያገኛል። አለቀ።

አላለቀም እንጂ! ያ ሠንጠረዥ የሚገልጸው ከጽንፈ ዓለሙ ይዘት 5 በመቶ ያህሉን ነው። ጣና ዳር ቆመን የወረወርነውን ድንጋይ ወደ ውኃው የሚስበው የመሬት ስበት እንኳ እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም። ኒውትሪኖ ክብደት የለውም ተብሎ ነበር ሞዴሉ የተሠራው፤ እንዳለው ያረጋገጡት ሁለት ሰዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙበት፤ ክብደቱ ስንት ነው ቢባል ግን ዛሬም መልስ የለም። ሙዮን የምትባለው ቅንጣት ደግሞ የባሰ ታሪክ አላት። ማግኔት ውስጥ የምትወዛወዘው ቲዎሪው ከሚለው ትንሽ በልጦ ነው ተብሎ በ2021 ከአሜሪካው ፌርሚላብ ሲነገር፣ አዲስ ኃይል ተገኘ ሊባል ምንም አልቀረውም ነበር። በ2025 የመጨረሻው ውጤት ሲወጣ ልኬቱ ጸና፤ የተንቀሳቀሰው ቲዎሪው ሆነ! ስሌቱ በሌላ መንገድ ሲሠራ ልዩነቱ ሟሟ። አሁን ደግሞ ሁለቱ የስሌት መንገዶች እርስ በርስ ለምን እንደማይስማሙ ነው የሚጠየቀው። ከዚህ የበለጠ ለወጣት አእምሮ የሚጥም ምን አለ?

ይህንኑ፣ ሐይቁ ዳር ሃንዳውቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ለሚያጠና ተመራቂ አጫወትኩት። በትሕትና አዳመጠኝና «ጋሼ፣ ደስ ይላል፤ ግን እሱ ኤግዚት ኤግዛም ላይ አይመጣም» አለኝ። ልጁን አልፈርድበትም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለመውጫ ፈተና ዲግሪ የለም፤ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ምርጫ ደግሞ አንድ የታወቀ መልስ ይፈልጋል።

የሚገርመው ይሄ የሚሆነው ጎጃም ምድር ላይ መሆኑ ነው። ዋሸራንና ጎንጅን ያፈራ አገር! የቅኔ ተማሪ ትናንት የተባለውን ዛሬ ቢደግም ማን ይቀበለዋል? ጫካ ገብቶ ቅኔ ቆጥሮ፣ ለመምህሩ የራሱን አዲስ ነገር ይዞ ይቀርባል። ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ልጅ በየዕለቱ እንዲፈጥር ሲገደድ፣ በመንግሥት በጀት የሚማረው እንዲደግም ይገደዳል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋሸራ የሚባል የጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ አለ። ስሙ ጥሩ ነው፤ ልማዱም ወደ መማሪያ ክፍሉ ቢሻገር ምናለ?

«መሣሪያ የለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ 27 ኪሎ ሜትር ዋሻ እዚህ አንቆፍርም። ሙዮኖቹ ግን ቪዛ ሳይጠይቁ ከሰማይ ይዘንባሉ፤ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ በየሴኮንዱ አንድ ያህል ያልፋል። ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ጀርባ ላይ ሳይቀር። ዕድሜያቸው ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ሁለት እጅ ብዙም አይበልጥም፤ አንስታይን ባይኖር ኖሮ ከዚያ ሁሉ ከፍታ እዚህ መድረሳቸው እንቆቅልሽ ነበር። ዱካቸውን በአልኮል ተንና በጣም በቀዘቀዘ ሳህን ማየት ይቻላል። የጄኔቫው ማእከልም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማሽኑን መረጃ ለማንም በነፃ ይለቃል። በርግጥ ኢንተርኔት ካለ ነው፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭቱ ሲበረታ መስመሩ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ያን የመሰለውን ችግር በመምህራን ላይ የሚያላክክ ሰው ግፍ ይሠራል።

የቀረውን ግን በመሣሪያ ማሳበብ ይከብደኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት ሲታሰሩ፣ እስር ቤት ውስጥ ለእስረኛ ጓደኞቻቸው ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በ2012 የሳካሮቭን ሽልማት የሰጣቸው ሰው ናቸው። እዚያ ምን ቤተ ሙከራ ነበር?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ከሴሚስተሩ 100 ነጥብ 10ሩ፣ መምህሩ ራሱ መልሱን ለማያውቀው ጥያቄ ይሰጥ። ልጁ ጥያቄው ምን እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሞከረ፣ የቱ ጋ እንደተሰናከለ በሁለት ገጽ ይጻፍ። ማረሙ አድካሚ ነው፤ በተለይ 60 ልጅ ላለበት ክፍል። በ5 ነጥብም ቢጀመር አልከፋም።