በመድረክ ላይ የቆመችው ምስክር



«ኡስታዝ፣ ከዋክብት በሙሉ በአንድ ጊዜ ጠፍተው ሊበሩ ይችላሉ ወይ?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቼ ስለበዛብኝ ምንጩን ፈልጌ ተመለከትኩት። ምንጩ ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት በመጋቢት 2016 ዓ.ም ያወጣው «ስሪ ቦዲ ፕሮብሌም» የተሰኘ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም የመጀመሪያ ክፍል ነው። ታሪኩ ከቻይናዊው ደራሲ ከሊዩ ሲሺን መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ስሙ «የሦስት አካላት ችግር» እንደማለት ሲሆን፣ እርስ በርስ የሚሳሳቡ የሦስት ሰማያዊ አካላትን ጉዞ በጠቅላላው የሚያሰላ ቀመር አለመኖሩን ያመለክታል።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ዓይኑ የወጣ አስከሬን፣ በደም የተጻፈ ቁጥርና መጠጥ ቤት አለበት። በእንግሊዝ አገር የሚካሄደው ሰፊው ክፍልም ያን ያህል የሚያስደንቅ አይደለም፤ ወጣቶቹ ተመራማሪዎች ከሚያስቡበት ጊዜ የሚቀላለዱበት ይበልጣል።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግን ሌላ ናቸው። ቦታው ቤጂንግ የሚገኘው ጺንግሁዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ዘመኑ «የባህል አብዮት» የተባለው የቻይና መከራ መነሻ 1966 ነው። (እኛ ይህን ቁጥር ስናይ የራሳችን አብዮት ትዝ ይለናል፤ የእነርሱ 1966 ግን በእኛ አቆጣጠር 1958 እና 59 መሆኑ ነው።) ዬ ዠታይ የተባለ የፊዚክስ መምህር በሚጮህ ሕዝብ ፊት መድረክ ላይ ተንበርክኳል። ወንጀሉ የአንስታይንን ትምህርት ማስተማሩ ነው። ፈጣሪ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሳይንስ ለመኖሩም ላለመኖሩም ማስረጃ አላቀረበም የሚል መልስ ይሰጣል። እኛ በዚህ መልስ አንስማማም። ይሁን እንጂ ሰውየው የማያውቀውን አውቃለሁ አላለም፤ ነፍሱን ሊያተርፍበት ይችል የነበረውን ውሸትም አልተናገረም።

ከዚያም ሚስቱ ተጠርታ ትወጣለች። እርሷም የፊዚክስ ምሁር ናት። ባሏ ይህንን ትምህርት ያስተምር እንደነበር ለሕዝቡ ትናገራለች። ወጣቶቹ ቀይ ዘበኞች በቀበቶ ደብድበው ይገድሉታል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ተመልካች «ሚስት በባሏ ላይ እንዴት ትመሰክራለች!» ብሎ ያልፋል። ጥፋቱ ግን እዚያ ላይ አይደለም። ሱረቱ አን-ኒሳእ በ135ኛው አንቀጽ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ ቢሆን እንኳ ለፍትሕ እንድንመሰክር ያዝዘናል። የተናገረችውም ፈጠራ አይደለም፤ ባሏ በእርግጥ አስተምሯል። ውሸቱ ያለው ትምህርቱን ወንጀል ነው ብላ ማጽደቋ ላይ ነው። ራሷም ተምራዋለችና ወንጀል አለመሆኑን ታውቃለች። እውነተኛ ወሬ ይዞ የሐሰት ምስክር መሆን ማለት ይህ ነው።

ልጃቸው ዬ ወንጂዬ ከሕዝቡ መካከል ሆና ሁሉንም ታያለች። በኋላ በውስጥ ሞንጎሊያ ደን በሚጨፈጨፍበት ቦታ ለጉልበት ሥራ ተልካ ሳለች የተከለከለ መጽሐፍ ይገኝባትና ትታሰራለች። ሌሎች ሰዎችን የሚወነጅል ወረቀት ፈርሚ ስትባል እምቢ ትላለች። በዚያ ብርድ ውሃ ይደፉባታል፤ አትፈርምም። እናት በአደባባይ የሰጠችውን ምስክርነት ልጅቷ ማንም በማያያት ክፍል ውስጥ ከለከለች። ፊልሙ ሁለቱን ሴቶች በአንድ ክፍል አምጥቶ አንዲት የማብራሪያ ቃል ሳይጨምር ማለፉን በጣም ወድጄለታለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ «ማጋለጥ» የሚለው ቃል በሀገራችን ምን ማለት እንደነበር ከእናንተ መካከል በዕድሜ የገፋችሁት ታውቃላችሁ። ቀይ ሽብር በተፋፋመባቸው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም ሰው በየቀበሌው እየተሰበሰበ ጎረቤቱን እንዲያጋልጥ ይጠየቅ ነበር። እኔ ለዚያ ዘመን አልደረስኩም፤ ከሽማግሌዎች የሰማሁት ነው። በእኛ በአሳይታም የአውሳው ሱልጣን ቢትወደድ ዐሊ ሚራሕ ሐንፈሬ በ1967 ዓ.ም ከደርግ ጋር ተጋጭተው ከተሰደዱ በኋላ፣ ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም እስኪመለሱ ድረስ ስንቱ ቤት እንደተበተነ የሚያውቁ አሉ። ልጆቻችን ግን የቤጂንጉን አደባባይ በስልክ አይተው «እንዲህ ዓይነት ነገር በእውን ይደረጋል ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። አያታቸው እኮ ከጎናቸው ተቀምጣለች!

አሁን ወደ ከዋክብቱ ጥያቄ ልመለስ። የቅርቡ ኮከብ ብርሃን ከፀሐይ ቀጥሎ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ የብዙዎቹ ደግሞ መቶዎችና ሺዎች ዓመታት። ስለዚህ ሁሉም በአንዲት ሌሊት አንድ ላይ ድርግም ካሉ የተነካው የከዋክብቱ ብርሃን ከመነሻው ሳይሆን በእኛና በእነርሱ መካከል ያለ ነገር መሆን አለበት። በሙቀቱ ምክንያት ደጅ የሚተኛ የአሳይታ ልጅ ይህን ለማሰብ ሰማዩ ከራሱ በላይ ተዘርግቶለታል፤ ይህን ጥያቄ ለልጆቻችሁ አቅርቡላቸው። ፊልሙ ግን ሕዝቡን አስደንግጦ ይተወዋል።

እዚህ ላይ የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ታሪክ አስታውሱ። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም ለልጁ ሞት ነው አሉ። እርሳቸው ዝም ቢሉ ክብራቸው በሰዎች ዓይን ይጨምር ነበር። ነገር ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተማሩ። ለራሳቸው የቀረበውን የሰማይ ምስክር መለሱት ማለት ነው።

በፊልሙ ከዋክብት የሚርገበገቡት በተቃራኒው ነው። ኦጊ የተባለች አንዲት ተመራማሪ ሥራዋን እንድታቆም ለማስፈራራት ነው። ከቤጂንጉ ቀበቶ የሚለየው ከሩቅ መምጣቱ ብቻ ነው። ታቁም ወይስ ትቀጥል የሚለው ለሁለተኛው ክፍል ተትቷል።