የወጋግራ ክፈፍ፦ በቀለም የተጋረደ ጥበብ

ስለ አብያተ ክርስቲያናታችን ሥነ ሕንፃ የጻፉት ሊቃውንት፣ ያገር ተወላጆችም ሆኑ የባሕር ማዶ ሰዎች፣ ዓይናቸውን በሥዕሉ ላይ ተክለው ከበላዩ ያለውን እንጨት ሳያዩት አልፈዋል። የስሜኗ ደረስጌ ማርያም፣ ደጃዝማች ውቤ በጀርመናውያኑ በሺምፐርና በዛንደር እገዛ አሳንጸዋት ሳለ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል የነሷቸው ካሣ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት መሆኗ በሁሉ አፍ ይነገራል፤ ጣሪያዋን የሚሸከመውን ግንድ፣ ወጋግራዋን፣ ማን እንደ ጠረበው፣ በምን መሣሪያ እንደ ጠረበው ግን ሲጠየቅ አልሰማሁም። ከጠራቢዎቹ ይልቅ የስሜንን ዕፅዋት እያደረቀ ወደ አውሮፓ ይልክ የነበረው ሺምፐር መታወሱም አያስደንቅም።

የዚህ ጥበብ ሥር በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ ይታያል። በእነዚህ ሕንፃዎች ግድግዳው የድንጋይና የእንጨት ድርብርብ ሲሆን፣ ረጅሙ ግንድ በግድግዳው ፊት ይጋደማል፤ አጭሩ ግንድ ደግሞ የግድግዳውን ውፍረት አቋርጦ ረጅሙን ይቆልፍና ጫፉን ወደ ውጭ ያወጣል። የዝንጀሮ ራስ የሚባለው ጌጥ ይኸው ጫፍ ነው። ጠቢቡ ጌጥ ፍለጋ አልወጣም፤ ቆርጦ ሊጥለው ይችል የነበረውን ጫፍ ቅርጽ ሰጥቶ ተወው እንጂ። የአክሱም ሐውልት ይህንኑ ጫፍ በድንጋይ ክብ አድርጎ ቀርጾታል፤ የላሊበላው ቤተ አማኑኤልም የግድግዳውን ገባ ወጣ ድርድር ከአንድ ወጥ ዓለት አውጥቶታል። ዓለም የሚያደንቀው ምንም የማይቆልፈውን ግልባጭ ነው።

እኔን የሚማርከኝ ግን ከዚህም ያነሰው ነገር፣ የወጋግራው ጠርዝ ነው። ጥድ ቃጫው ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ለመሮ ይታዘዛል፤ ዳሩ ግን መሮው በቃጫው አንጻር ከተገፋ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ክፈፍ፣ ማለትም በጠርዙ ላይ የሚሄደውን ቦይ፣ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ በገመድ መሥመር ይመታል፣ የቦዩን ሁለት ጎን ይቆርጣል፣ ከዚያም ሆዱን በቀስታ ያጸዳል። ወጋግራው በምሰሶው ወይም በግድግዳው ላይ በሚያርፍበት ስፍራ እንጨቱ ሸክሙን በሙሉ ውፍረቱ ሊቀበል ይገባዋልና፣ ክፈፉ ከማረፊያው ጥቂት ቀደም ብሎ መቆም ግድ ነው። የጠራቢው እጅ የሚፈተነው እዚህ ነው። ሰነፍ ክፈፉን በድንገት ይገታዋል፤ ብልህ ግን ቦዩን ጥልቀቱን እያሳነሰ ወደ ገጹ ያወጣዋል፣ የጧፍ ብርሃንም ሲያርፍበት ጥላው ከቦዩ ጋር እየሳሳ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ማቆሚያ ከብዙ የተመሰገነ ሥዕል አስበልጬ እወደዋለሁ።

ጎንደር እንዲህ ያለውን ጠርዝ የሚያይ ዓይናችንን አደነዘዘችው ማለት እደፍራለሁ። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተስሎ በግድግዳው ሲለጠፍ፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴም ጣሪያው በመላእክት ገጽ ሲሞላ፣ እንጨቱ የቀለም መደብ ሆኖ ቀረ፤ ወደዚያ የሚገባውም ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ፊቶቹን ይቆጥራል። የሠዓሊዎቹን ጸጋ አልክድም። ሆኖም በቀለም የሚሸፈን ጠርዝ እንዲደምቅ የሚደክምለት ጠራቢ አይገኝም።

ዛሬ ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ የሚታየው ቆርቆሮና የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ረጅም ክፈፍ አይቀበልም። ከደባርቅ በላይ በጨነቅ ደግሞ አስታና ጅብራ እንጂ ለወጋግራ የሚበቃ ግንድ አይበቅልም፤ በዚያ ከፍታ ረጅም ጥድ የሚሻ ሰው ከታች ማምጣት አለበት፣ ሽቅብ የተጎተተ እንጨትም በቸልታ አይጠረብም። ስለዚህ አንድ ደብር በታደሰ ቁጥር የወረደው አሮጌ ግንድ ለማገዶ ከመዋሉ በፊት፣ የክፈፉ ቅርጽ በወረቀት ቢነደፍ፣ ማቆሚያው ቢለካ፣ የመሮው ስፋት ቢመዘገብ፣ የሠዓሊያንን ስም ለማግኘት ከሚፈሰው ቀለም እጅግ ባነሰ ወጪ የጠራቢዎቹን እጅ ከደብር ደብር ማነጻጸር ይቻል ነበር።