ክፍሉ እስኪታይ

ጐንደር ላይ ነው፤ የጥምቀት ሰሞን። ታቦታቱ ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ወደየመንበራቸው ተመልሰው፣ ከተማዋም ከእልልታው አረፍ ብላ፣ እንግዳ ሁሉ ወደየመጣበት የሚበተንበት ቀን። እኔም ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ካደርኩበት ሆቴል ደረጃ ወረድኩ። (የሆቴሉን ስም ተዉት፤ ለወጋችን አይጠቅምም።) ሒሳቤን ከፈልኩ። ቁልፉንም ከነእንጨቱ አስረከብኩ። ያቺን ክንድ የምታክል እንጨት መቼም ታውቋታላችሁ፤ እንግዳ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ እንዳይሄድ የተፈለሰፈች ናት። "በሉ ደህና ሁኑ" ብዬ ፊቴን ወደ በሩ ሳዞር እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ በትሕትና፣

"ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይታገሡን፤ ክፍሉ ይታይ" አለችኝ። ስልኩንም አንስታ ወደ ላይ ደወለች። "ሁለት መቶ ስምንት ሊወጡ ነው፤ እዪው።"

መጠበቅ ጀመርኩ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ… ከኋላዬ ሒሳብ የሚከፍሉ አራት አምስት እንግዶች ቆመዋል። ሁሉም ሻንጣዬን የሚያዩ መሰለኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሽበቴ! "የሚታየው ክፍሉ ነው ወይስ እኔ?" አልኩ በሆዴ። ይባስ ብሎ ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ አዳመጠችና አንገቷን ደፍታ፣ "አንድ ፎጣ ጐደለ ይላሉ" አለችኝ።

ያኔ የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ ብጽፈው አዘጋጁ ይሰርዘዋል። ባጭሩ ስለ ጨዋነቴ፣ ስለ ወላጆቼ አስተዳደግ፣ እቤቴ ስላሉት ፎጣዎች ብዛት ሰፋ ያለ መግለጫ ሰጠሁ። ሻንጣዬን ካልከፈትኩ እያልኩ ስታገል አንዲት አርባውን ያለፈች ሴት ሽርጧን እንዳሸረጠች ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ፎጣው በእጇ ነው። ለካ ማታ ራሴ መስኮቱ ላይ አስጥቼው ከመጋረጃው ጀርባ ወድቆ ኖሯል።

"ይቅር ይበሉን ጋሼ፣ ተገኝቷል" አለችኝ እያለከለከች። "የዚያ ፎቅ አልጋ አንጣፊ እኔ ነኝ። ባይገኝ ከደመወዜ ነበር የሚቆረጠው። ባለፈው ወር የሁለት ፎጣ ቆርጠውብኛል።"

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። "እህትዓለም፣ እኔ ይቅርታ ልጠይቅሽ እንጂ" ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። እኔ ተሰደብኩ ብዬ ስፎክር፣ እሷ እላይ አልጋ ሥር ተንበርክካ የደመወዟን ቁራጭ ትፈልግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሆቴል ባደርኩ ቁጥር አልጋ አንጣፊዎችን መጠየቅ ልማዴ ሆነ። "እንግዳ ምን ይወስድባችኋል?" ስላቸው መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ ይዘረዝራሉ። ፎጣ አንደኛ ነው። የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ይከተላል። የሪሞት ባትሪ፣ አምፖል፣ የልብስ መስቀያ፣ የአመድ መተርኮሻ፣ የትራስ ልብስ። ጥቅል ሶፍት እንኳ ከነካርቶኗ የሚነቅል አለ። አንዷ "ምንጣፍ ጠቅልሎ በመስኮት ለጓደኛው ያቀበለም አጋጥሞኛል" ብላኛለች። ለእሷ እውነት ለእኔ ግን ተረት ይመስላል፤ የአምፖሉን ግን አምናለሁ።

ልብ በሉልኝ፤ ሁሉም አንድ አይደለም። ሳሙናዋ፣ ሻምፖዋ፣ የጥርስ ብሩሿ ለእንግዳው የተቀመጡ ናቸው፤ ሒሳባቸውም ከአልጋው ዋጋ ውስጥ አለ። ተጠቅመህ የተረፈችህን ብትወስዳት ማንም ጣቱን አይቀስርብህም፤ ለሚቀጥለው እንግዳ አትሰጥማ! ፎጣው፣ አንሶላው፣ ብርድ ልብሱ ግን የተከራየኸው እንጂ የገዛኸው አይደለም። ታጥቦ ነገ ለሌላ ሰው የሚነጠፍ ነው። ይቺን ልዩነት ለማወቅ የሕግ ምሩቅ መሆን አያስፈልግም። ግን እኮ የሚወስደው ያልተማረው አይደለም!

አልጋ አንጣፊዎቹ ደጋግመው የነገሩኝ ይህንኑ ነው። እንደ ወርክሾፕ እንግዳ የሚያስቸግራቸው የለም። አበሉ ተከፍሎት፣ ቦርሳው፣ ደብተሩና እስክሪብቶው ተሰጥቶት፣ ሻይ ቡናው በቀን ሁለቴ ቀርቦለት፣ "የመልካም አስተዳደር ሥልጠና" ሲከታተል የሰነበተ ሰው አርብ ዕለት ፎጣ በቦርሳ ይዞ ይወጣል። የመንግሥት ነው ብሎ ይሆን? ሆቴሎች በደርግ ዘመን ተወርሰው የመንግሥት ሲሆኑ "የማንም" ንብረት የሆኑ የመሰለን ብዙ ነን። ባለቤቱ ከተለወጠ ስንት ዘመኑ፤ እጃችን ግን አልሰማም። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ብሂል ሹሞቹን ብቻ የሚመለከት ይመስለናል እንጂ፣ ለሦስት ሌሊት የክፍል ቁልፍ የተሾምነውንም ይመለከታል።

እንዲህ ሲባል የእኛ ብቻ ጉድ ነው ማለቴ አይደለም። ሆሊዴይ ኢን የተባለው ትልቅ የሆቴል ኩባንያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2003 ፎጣ ለወሰዱ እንግዶቹ የምሕረት ቀን እስከ ማወጅ ደርሶ ነበር። ታሪካችሁን ንገሩን፣ ይቅር ብለናችኋል አለ። ሳቅና ማስታወቂያ አደረገው። ትልቅ ኩባንያ ነውና ኪሳራውን ወደ ቀልድ መለወጥ ይችላል። የጐንደሯ ሴት ግን የምትምርበት ኪስ የላትም።

ከጐንደር ሽቅብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ደባርቅ ስትደርሱ ደግሞ ነገሩ ከፎጣም ያልፋል። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ናት፤ ደጋ ናት፤ ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። እዚያ የአልጋ ቤት ሀብቱ ብርድ ልብሱ ነው። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ሲጠፋ የሚቀጥለው እንግዳ ይንዘፈዘፋል፤ የምትጠየቀውም ያው አልጋ አንጣፊዋ ናት። ቱሪስት በሽ በሽ በነበረበት ጊዜ ባለቤቱ ችሎ ያልፈው ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. የተነሳው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተከተለው ግጭት እንግዳውን አሽሽቶታል። ገበያው ሲቀዘቅዝ የባለቤቱ ቆጠራ ይጠብቃል፤ ቆጠራው ሲጠብቅ ደግሞ የምትጨነቀዋ መጨረሻ ላይ ያለችዋ ናት።

በዚያው ደጋ የኖረ አንድ ሥርዓት ነበረን፣ አለንም። መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ "የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ" ይላል። "ቤት ለእንግዳ" ይባላል። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል፣ መደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎ የባለቤቱ ጋቢ ይደረብለታል። ጠዋት ሲነሳ ስንቅ ይቋጠርለታል፤ ቆሎም ቢሆን። ታዲያ የእግዜር እንግዳ ጋቢውን ለብሶት ሄደ ሲባል ሰምታችኋል? የሚወስደው የተሰጠውን ነው። ሳይሰጠው የወሰደ እንደሆነ የሚጐዳው ያንን ባላገር ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚመሽበትን ሌላ መንገደኛም ደጅ ያሳድረዋል። እኔን ጥር ላይ ሽበቴን ሳያከብር ያስቆመኝ ሆቴሉ አይደለም ለካ! ከእኔ በፊት በሁለት መቶ ስምንት ያደረው ሰውዬ ነው።

ጐንደር ደግሞ ለከባድ እንግዳ አዲስ አይደለችም። እንደ እኛ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. ክረምት ከዳካር ተነስቶ ወደ ጅቡቲ የሚያቋርጥ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በማርሴል ግሪዮል መሪነት ጐንደር ገብቶ ወራት ከረመ። ማረፊያው የጣሊያን ቆንስላ ግቢ ነበር። እነዚህ እንግዶች የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ከግድግዳው ላይ አነሷቸው። በምትካቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊያቸው የሠራውን ቅጂ አስቀመጡ። ምክንያት ነበራቸው። ሥዕሎቹ እየተበላሹ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ አርጅቷል፣ እኛ እንጠብቃቸዋለን፣ ምትክም ሰጥተናል። ዛሬ ያ ሁሉ ሥዕል ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው።

ከዚያ በፊትም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ከመቅደላ ሲመለስ የዘረፈውን ለመጫን አሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገው ተጽፏል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለብሪቲሽ ሙዚየም ተረፉ። የመቅደላው መጽሐፍ ብዙው ግን መነሻው መቅደላ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጐንደርን ሲያቃጥሉ ከአድባራቷ የሰበሰቡት ነው። የጐንደር ደብተራ መጀመሪያ መጽሐፉን የወሰደበት ፈረንጅ ሳይሆን የራሱ ንጉሥ ነው። ይህንን ሳንናገር ስለ እንግሊዝ ብቻ ብናወራ ወጋችን ጐዶሎ ይሆናል።

"ከፎጣ ተነስተህ መቅደላ ገባህ" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ፎጣና ብራና አንድ ነው አልወጣኝም። ምክንያቱ ግን ቁርጥ አንድ ነው። "ብዙ አላቸው፣ አንዱ ቢጐድል አይጐዳቸውም።" "ከፍዬ የለም እንዴ!" "ለማስታወሻ ነው።" "እነሱ አይዙትም፣ እኔ እይዘዋለሁ።" ይህንን ፈረንጅ ሲለው ደማችን ይፈላል፤ እኛ ስንለው ቀልድ ይሆናል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ከለንደን ሲመለስ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን እሰይ ብለናል፤ ተገቢም ነው። ግን የሰው ዕቃ ይመለስ ብሎ መጮህ የሚያምርበት የራሱን ቁም ሣጥን የፈተሸ ሰው ነው።

ወደ አልጋ አንጣፊዋ ልመለስ። ሕጉ እንግዳውን አልረሳውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንግዳ ይዞት ለሚገባው ዕቃ የሆቴሉን ባለቤት ኃላፊ ያደርገዋል። ሠራተኛዋንም አልረሳትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ እንደፈለገ አይቀንስም ይላል። የሚቀነሰው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ደግ ሕግ ነው። ቀዳዳው ያለው "በጽሑፍ ሲስማማ" የምትለዋ ላይ ናት። ሥራ ፈላጊ ሴት ስትቀጠር የሚሰጣትን ወረቀት አንብባ "ይቺኛዋን አልፈርምም" የምትል ይመስላችኋል? ትፈርማለች። ከዚያ በኋላ የማታውቀው እንግዳ የወሰደውን የምትከፍለው "ተስማምታ" ነው።

ባለሆቴሎች ሆይ፣ ፎጣ መጥፋቱ የንግዱ ወጪ ነው፤ እንደ መብራትና ውኃ ቆጥራችሁ ከአልጋው ዋጋ ላይ አስቡት። የዕቃውን ዋጋ ክፍሉ ውስጥ ለጥፉና ከወሰደው ተቀበሉ። ከላይ ያለውን አላስቆም ብላችሁ ከታች ያለችውን አትቁረጡ።

እኔስ? ከዚያ ጉዞ ቤቴ ገብቼ ልብሴን ላስቀምጥ ቁም ሣጥኑን ስከፍት፣ ከታች፣ ከታጠፉት አንሶላዎች ሥር አንድ ነጭ ፎጣ አየሁ። ጠርዙ ላይ የሌላ ከተማ ሆቴል ስም በሰማያዊ ክር ተጠልፎበታል። ከስንት ዓመት በፊት የትኛው ስብሰባ ላይ እንዳመጣሁት እንኳ ትዝ አይለኝም። ያ "ሰፋ ያለ መግለጫ" ስሰጥ፣ እቤቴ ስላሉት ፎጣዎች ብዛት ስደነፋ፣ እሱም ከነቁጥሩ ነበር ማለት ነው።

ወደዚያ ከተማ በሚሄድ ሰው እጅ አጥቤ ላክሁት። መልእክተኛው እንግዳ ተቀባዮቹ ስቀው ተቀበሉኝ አለኝ። የዚያን ፎቅ አልጋ አንጣፊ እንዲጠይቅልኝም አደራ ብዬው ነበር። ሥራ ከለቀቀች ቆይታለች አሉት። ፎጣው ለባለሆቴሉ ተመለሰ፤ የከፈለችው እሷ ከሆነች ግን ዕዳዬ አሁንም እላዬ ላይ ነው።