ስም ያወጣች ትንሽ መጽሐፍ

ሂሳዊ ዳሰሳ፦ «ፍካሬ ኢየሱስ»

ቴዎድሮስ የሚባል ልጅ ዛሬ በየሰፈሩ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ቆሞ «ቴዲ!» ብሎ የተጣራ ሰው ከአንድ በላይ ልጅ ዞር ይልለታል። ድምፃዊው ቴዎድሮስ ካሳሁንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ቴዎድሮስ አድሃኖምም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ስሙ ከመለመዱ የተነሣ ብርቅ የነበረበት ዘመን ተረስቷል።

ነገር ግን የነገሥታቱን ዝርዝር ያየ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። የዐፄ ዳዊት ልጅ ቀዳማዊ ቴዎድሮስ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ለአጭር ጊዜ ነግሦ ካለፈ በኋላ፣ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በዚህ ስም የነገሠ የለም። ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው በጌምድርን የገዙትን የየጁ ራሶች እንቁጠር፦ ጉግሣ፣ ይማም፣ ማርዬ፣ ዶሪ፣ አሊ። ተቀናቃኞቻቸውን እንጨምር፦ ውቤ፣ ጎሹ፣ ክንፉ፣ ብሩ። ቴዎድሮስ የሚባል የለበትም። እኔ እንደማምነው ይህን ስም ለዘመናት እንደ ታቦት ሸፍና ያቆየችውም፣ በመጨረሻም አውጥታ ለሰው የሰጠችውም አንዲት ትንሽ የግእዝ መጽሐፍ ናት፤ «ፍካሬ ኢየሱስ»።

መጽሐፏ በአንድ ቁጭታ የምታልቅ ናት። ጸሐፊዋ ስሙን አልጻፈም። መነሻዋ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ላይ ያለው ጥያቄ ነው፤ ደቀ መዛሙርቱ የዓለም መጨረሻ ምልክቱ ምን እንደ ሆነ ጌታን ይጠይቁታል። ወንጌሉ ጦርነትንና ረኃብን በአጭሩ ጠቅሶ ሲያልፍ «ፍካሬ ኢየሱስ» ግን ወደ ቤት ትገባለች። ፍርድ ስለሚያጎድል ዳኛ፣ ገንዘብ ስለሚወድ ካህን፣ ድኻውን ስለሚነጥቅ ሹም፣ አባቱን ስለማያከብር ልጅ ትናገራለች። ያ ሁሉ ክፋት ከሞላ በኋላ እግዚአብሔር ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ከምሥራቅ እንደሚያስነሣ፣ እርሱም 40 ዓመት እንደሚነግሥ፣ በዘመኑም ሰላምና ጥጋብ እንደሚሆን ታበሥራለች።

የመጽሐፏ ጉልበት ያለው በመጀመሪያው ክፍል ነው። ጸሐፊው የሚወቅሳቸውን ሰዎች በቅርብ ያውቃቸዋል። የቃሉ ምት የተግሣጽ ምት ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ እየተደራረበ ይመጣል፣ ፋታ አይሰጥም። ትንቢት ነው ቢባልም የሚያወራው በዓይኑ ስላየው አገር መሆኑን አንባቢ ይሰማዋል። ጽሑፉን ያቆየውም ይህ ይመስለኛል። በየትኛውም ዘመን የተበደለ ሰው ሲያነበው «ይህ ስለ እኛ ነው» ይላል።

ስለ ንጉሡ የሚናገረው ክፍል ግን በሥነ ጽሑፍ ዓይን ሲታይ ደካማው ነው። ዳኛውና ሹሙ ሥራቸው ተነግሮ ሳለ ቴዎድሮስ ምን እንደሚሠራ አይነገርም። ፍርድን እንዴት እንደሚያቃና፣ ከማን ጋር እንደሚመክር፣ የተነጠቀውን እንዴት እንደሚያስመልስ አናይም። መልክ የለውም፣ እናት የለውም፣ አገርም የለውም። ያለው ስም፣ አቅጣጫና የዓመት ቁጥር ብቻ ነው። በዝርዝር ያዘነ ደራሲ በጥቅሉ ተስፋ አደረገ። ሆኖም ባዶ ሆኖ የተተወ መልክ ማንም ሊሞላው ይችላልና፣ ስሙን ለታሪክ ክፍት ያደረገው ይኸው ድክመት ነው።

ስሙ ራሱ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ፍችው የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ሩሲያውያን ፊዮዶር ሲሉ፣ እንግሊዞች ቴዎዶር ሲሉ ይህንኑ ስም ነው የሚጠሩት። ወደ እኛ የገባው በሰማዕታት ገድል በኩል ነው። ጥር 12 ቀን የሚታሰበው ሰማዕት ቴዎድሮስ በግብጽ ክርስቲያኖች ዘንድ «ምሥራቃዊው» ይባላል። የመጽሐፏ ንጉሥ «ከምሥራቅ» የሚነሣው የዚህ ሰማዕት ቅጽል አስተጋብቶበት ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ። የቀዳማዊ ቴዎድሮስም መታሰቢያ አብሮ ሳይቀላቀል አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ፣ ያ ንጉሥ ተመልሶ ይነሣል፣ ሺህ ዓመትም ይነግሣል፣ ጦርነትም ያበቃል የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ እንዳገኘ ጽፏል። ስለዚህ ኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ የተባለው የቋራው ካሣ ገና ሳይወለድ ስሙ አገሩን ሞልቶት ነበር ማለት ነው። ሰው የሚጠብቀው ስም ነበር እንጂ ለልጁ የሚያወጣው ስም አልነበረም።

በበጌምድሮቹ በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ያለው የሰው ስም አወጣጥ ስሙ ለልጅ ለምን እንዳልወጣ ለመረዳት ያግዛል። ከጉና ተራራ በስተደቡብ ባለችው በመካነ ኢየሱስና በዙሪያዋ፣ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ፣ ልጅ ሁለት ስም አለው። አንዱ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ከቅዱሳን ስም ጋር ተያይዞ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው እናትና አባት ካገኛቸው ነገር ተነሥተው የሚያወጡለት የዓለም ስም ነው። ልጅ የሞተባት እናት ቀጥሎ ለመጣላት ልጅ ምትኩ ወይም ካሣ ትላለች፤ ያለፈው ሐዘን በመጣው ልጅ ተካሰ ማለቷ ነው። የዓለም ስም ወላጅ ለገጠመው ነገር የሚሰጠው መልስ ነው። ቴዎድሮስ ግን የአንድ ቤት ጉዳይ አልነበረም። አገር የሚጠብቀውን ንጉሥ ስም ለገዛ ልጅ ማውጣት በሹሞች ዓይንም ቀላል ነገር ሊሆን አይችልም ነበር።

ካሣ ኃይሉ ይህን ስም ሲይዝ ያደረገው ነገር የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ጠላቶቹ እናቱን ወይዘሮ አትጠገብን ኮሶ ሻጭ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጯን ልጅ» ይዞ ሊመጣ ፎክሮ ከዘመተ በኋላ ራሱ ተማርኮ ኮሶ እንደ ጠጣ በሰፊው ይተረካል። ያ ዓይነት ስድብ የበዛበት ሰው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ገባ። ቤተ ክርስቲያኑ ውቤ ለራሱ ንግሥ ያሠራው ነበር። አቡነ ሰላማ እዚያው ቀቡት፤ ስሙም ቴዎድሮስ ተባለ። የትውልድ ሐረጉን ለሚጠይቁት ከዚህ የበለጠ መልስ አልነበረውም።

መጽሐፏንና ሰውየውን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ ግን አለመገጣጠማቸውን ያያል። ንጉሡ ከምሥራቅ ይነሣል ተባለ፤ ካሣ ከቋራ፣ ከሱዳን ጠረፍ፣ ከምዕራብ መጣ። 40 ዓመት ይነግሣል ተባለ፤ 13 ዓመት ነገሠ። ጥጋብና ሰላም ይሆናል ተባለ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በእርሱ እጅ ተቃጠለች፣ የበጌምድርም ገበሬ ተዘረፈ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ፣ ጋፋት ላይ ያሠራውን ከባዱን ሴባስቶፖል መድፍ እያስጎተተ፣ በጋይንት በኩል ጨጨሆን ተሻግሮ ወደ መቅደላ ሄደ። መንገዱን ራሱ እየጠረገ፣ ድንጋዩን እያስነሣ ወራት ፈጀበት። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች መቅደላ ሲገቡ እጁን አልሰጠም፤ ራሱን ገደለ።

በመጽሐፏ መለኪያ ከሄድን ቴዎድሮስ ትንቢቱን አልፈጸመም። ግን የስሙን ዕጣ የለወጠው ይኸው አለመፈጸሙ ነው። በመጽሐፏ ውስጥ ፊት ያልነበረው ንጉሥ ፊት አገኘ፤ ሹሩባ፣ ቁጣ፣ እንባ፣ የፈረስ ስም ሳይቀር። ሕዝቡም ስሙን እየቀያየረ ጠራው፤ አንድ ጊዜ መይሳው ካሣ፣ አንድ ጊዜ አባ ታጠቅ አለው። በ1940ዎቹ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» በሚለው ልብ ወለዱ፣ ቀጥሎም አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ» ቴዎድሮስን ወደ ከተማው አንባቢና ወደ መድረኩ ተመልካች አመጡት። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተውኔት ጽፎለታል። እነዚህ ደራስያን የጻፉት ስለ ፍካሬው ንጉሥ አልነበረም፤ ዓላማው ስለ ከሸፈበት ሰው ነበር። ለልጃቸው ቴዎድሮስ የሚል ስም ያወጡ የኋለኛው ዘመን ወላጆችም፣ በእኔ ግምት፣ በአእምሯቸው የነበረው የ40 ዓመት ጥጋብ ሳይሆን መቅደላ ላይ እጁን ያልሰጠው ሰው ነው። ቤቱ የተዘረፈበት የበጌምድር ገበሬ የልጅ ልጆች ሳይቀሩ ስሙን መውደዳቸው ሊያስገርመን አይገባም። ስሙ ከትንቢት ወጥቶ ከታሪክ ጋር ተጋብቷል።

ይህን ሁሉ የምለው መጽሐፏ ዛሬም በጉልበቷ ስላለች ነው። በየንግሡ ዕለት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከሚሸጡት ቀጫጭን መጻሕፍት መካከል ትገኛለች። አንባቢዋ ብዙ ነው፤ አነባበቡ ግን ያሳዝነኛል። አገር በተጨነቀ ቁጥር ሣልሳዊ ቴዎድሮስ መጣ፣ ደረሰ የሚል ወሬ ይነሣል፤ ዓመቱን የሚቆጥር፣ ሰውየውን አየሁት የሚል ይበዛል። እንዲህ ያለው አነባበብ የመጽሐፏን የላቀ ክፍል ይዘላል። ዳኛው ፍርድ አጎደለ፣ ካህኑ ገንዘብ ወደደ፣ ሹሙ ድኻውን ነጠቀ የሚለው ቃል የተጻፈው ዳኛው፣ ካህኑና ሹሙ እንዲሰሙት ነው። ንጉሥ ጠባቂዎች ግን ይህን እንደ ምልክት ብቻ ያዩታል፤ ክፋቱ ሲበዛ ቀኑ ቀረበ ብለው ይጽናናሉ። በደልን የሚወቅስ ጽሑፍ በደልን ለመታገሥ ሰበብ መሆን አልነበረበትም። በዚህ ጸሐፊውም ድርሻ አለበት፤ ወቀሳውን ከንጉሡ ጋር ባያስተሣሥረው ኖሮ አንባቢው ፊቱን ወደ ራሱ ይመልስ ነበር።

«ፍካሬ ኢየሱስ» ትልቅ ወቀሳና ትንሽ ተስፋ የያዘች፣ ከግእዝ ሥነ ጽሑፋችን ችላ ሊባሉ ከማይገባቸው ሥራዎች አንዷ ናት። እንደ ቀን መቁጠሪያ ሳይሆን እንደ ሥነ ጽሑፍ ልትነበብ ይገባታል። ለዚህም ጥሩ እትም ያስፈልጋታል፤ ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የተቀመጡበት፣ የብራና ቅጂዎቹ ልዩነት በግርጌ የተመለከተበት፣ ስለ ሁለቱ ቴዎድሮሶች መቅድም ያለው እትም። የድጓው ምስክር ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ምስክር ዙር አምባ በሚገኙበት በጋይንት፣ በእስቴም ጭምር፣ ግእዙን አጥርተው የሚያነቡ መምህራን አሉ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ከእነርሱ ጋር ተቀምጠው ይህን ሥራ ቢጀምሩ፣ አሳታሚዎችም ተራውን ቅጂ ደጋግመው ከማተም ይልቅ ይህን ቢጠብቁ፣ ቴዎድሮስ ተብለው የሚጠሩ ልጆቻችን የስማቸውን ምንጭ በደንብ ያነቡታል።