ጉድጓዱ የማን ነው?

ቆፋሪ እንስሳ ሞቶ አጥንቱ ሊጠፋ ይችላል፤ ጉድጓዱ ግን በደለል ተሞልቶ፣ አፈሩ ድንጋይ ሲሆን አብሮ ይቀራል። ይህ የዱካ ቅሪተ አካል ይባላል። አጥንትን ጎርፍ ከቦታው ሊወስደው ይችላል፤ ጉድጓድ ግን የተቆፈረበት ቦታ ላይ ነው የሚገኘው። ትልቁ ጥቅሙም ይሄ ነው። ችግሬ ጽሑፎች ላይ ደጋግሜ ከማየው አባባል ጋር ነው፦ «ጉድጓዱ የጥንቱን የአየር ንብረት ነገረን።» እንዲህ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር!

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ፣ በኮሎራዶ አምባ፣ ቺንሊ በሚባለው የድንጋይ ንብርብር ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ፣ ቀጥ ብለው ወደ ታች የሚወርዱ ጉድጓዶች አሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የቆፈራቸው ሳንባ ያለው ዓሣ ነው አለ። የዚህ ዓሣ ዘመዶች ዛሬም አፍሪካ ውስጥ ውሃው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ዝናብ ይጠብቃሉ። ብዙም ሳይቆይ ስቲቨን ሃሲዮቲስና ባልደረባው «የለም፣ የክሬይፊሽ ነው» ብለው ተከራከሩ። ክሬይፊሽ የሸርጣን ዘመድ ነው። የጉድጓዶቹ ቅርጽና ግድግዳቸው ላይ የቀሩት ጭረቶች ዛሬ ክሬይፊሽ ከሚቆፍረው ጋር ይመሳሰላሉ።

ታዲያ ምን ለውጥ ያመጣል? በሁለቱም አነባብ ውሃው ከፍና ዝቅ ይል ነበር። ነገር ግን ዓሣው የሚቆፍረው ከድርቅ ለመሸሸግ ነው፤ ክሬይፊሽ ደግሞ ስንጥቡ እንዳይደርቅ የከርሰ ምድር ውሃ እስኪያገኝ ይወርዳል። ስለዚህ የጉድጓዱ ጥልቀት ውሃው የት ድረስ ይወርድ እንደነበር የሚጠቁመው ቆፋሪው ክሬይፊሽ ከሆነ ነው። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ምን እንደሚለካ ያልታወቀ መሣሪያ የሚሰጠውን ቁጥር አናምንም።

ቆፋሪው ቢታወቅም ሌላ ጥያቄ አለ፦ የከርሰ ምድር ውሃ ማለት ዝናብ ማለት አይደለም። አዋሽን አስቡት። አፋር ደረቅ ነው፤ ወንዙ ዳር ግን ውሃ ቅርብ ነው፣ ያውም ደጋ ላይ የዘነበ። እዚያ የተገኘን አንድ ጉድጓድ አይቶ «አካባቢው ዝናባማ ነበር» የሚል ሰው ይሳሳታል።

ስለዚህ አፈሩም አብሮ ይነበብ። ውስጡ የኖራ እንክብሎች ካሉ፣ ዝናቡ ኖራውን አጥቦ ለመውሰድ አልበቃም ማለት ሊሆን ይችላል። ቀይና ግራጫ ዝንጉርጉር ከሆነ ደግሞ ውሃ ይተኛበትና ይሸሽ እንደነበር ያመለክታል። ጉድጓዱና አፈሩ ሲስማሙ ያኔ ስለ አየር ንብረት ማውራት ይቻላል።

እናንተም እንዲህ ያለ ዜና ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማን ቆፈረው? ምን ፈልጎ?